መቀመጫና ድምፅ፤ በፎገራና በአካባቢው ትምህርት ቤቶች የተማሪ ተሳትፎ አስተያየትና የገመና አጠባበቅ ታሪክ

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣችን አንዲት ወረቀት ናት። ባለፈው ዓመት ስለ ማስተማር ዘዴ በምንማርበት ጊዜ፣ በክፍል ውስጥ ማን እንደሚናገርና ማን ዝም እንደሚል ተመልክተን እንድናቀርብ ሥራ ተሰጠን። እኛም ነጭ ወረቀት ወስደን የመቀመጫውን ሁኔታ በአራት ማዕዘን ሣልን፤ በእያንዳንዱም ማዕዘን ውስጥ የተቀመጠውን ተማሪ ስም ጻፍን። ተማሪው እጁን ባወጣ ቊጥር ነጥብ፣ መልስ በሰጠ ቊጥር ጭረት፣ በተሳሳተ ቊጥር ደግሞ የመስቀል ምልክት እናደርግ ጀመር። ሥራው ቀላልና ደስ የሚያሰኝ ነበር። ነገር ግን ወረቀቲቱ በሦስተኛው ቀን ከደብተራችን ውስጥ ወድቃ በሌሎች ተማሪዎች እጅ ገባች። ከኋላ ጥግ የምትቀመጥ አንዲት ጓደኛችን፣ በስሟ ላይ ሁለት መስቀል ብቻ እንጂ አንድም ጭረት እንደሌለ ሰዎች እየሣቁ ሲያነቡ ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ በክፍሉ ውስጥ ድምፅዋን አልሰማንም። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የማንም አይደለም።

ታዲያ ያስቸገረን ነገር ይህ ነው። መምህር በክፍሉ ውስጥ ድምፅ ከየትኛው ስፍራ እንደሚመጣና ከየትኛው እንደማይመጣ ማወቅ አለበት፤ ይህን ካላወቀ ጥቂቶችን ብቻ እያስተማረ ሁሉን ያስተማረ ይመስለዋል። ዕውቀቱን በወረቀት ላይ ያኖረው እንደ ሆነ ግን ወረቀቱ የተማሪውን ድካም ለማይመለከተው ሰው ያወራበታል። ለዚህ ችግር አዲስ ዘዴ ከመፈለጋችን በፊት የአገራችን የቆየ ልማድ ምን ይላል ብለን መጠየቅ ተገቢ ሆኖ ታየን።

ከመካከላችን ሁለቱ የፎገራ ሜዳ ተወላጆች ስለ ሆንን ምርመራውን ከዚያ ጀመርን። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት እየሞሉ የሚያጥለቀልቁት፣ ቀድሞ በከብቱ፣ ከደርግ ዘመን ወዲህ ደግሞ በሩዙ የታወቀ አገር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወረታ ላይ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ደብረ ታቦር ይገነጠላል። ከወረታ በስተ ደቡብ በጉማራ ወንዝ አጠገብ ወንዛዬ ይገኛል፤ ፍል ውኃው ለፈውስ የሚፈለግ ስለ ሆነ ብዙ ሕመምተኛ ይሄድበታል። ሕመምተኛው ከማያውቀው ሰው ጋር በአንድ ውኃ ይታጠባል፤ ሕመሙን ለጎረቤቱ እንዲናገር ግን የሚያስገድደው የለም። ገመና የሚለው ቃላችን ትርጉሙ እንዲህ ባለው ስፍራ በደንብ ይታያል። ነገሩ ከሰው ሁሉ ዐይን የተሰወረ ሆኖ አይደለም፤ ያየ ሰው ስለማያወራው ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንመለስ። በንባብ ቤት ሕፃናቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አጠገብ መምህሩን ከብበው ይቀመጣሉ። አንዱ ፊደሉን በስንደዶ እያመለከተ ይቈጥራል፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ ንባብ ይላል፤ ሌላው ውርድ ንባብ፣ ከፍ ያለው ደግሞ ዳዊት ይደግማል። የቀደመው ተማሪ ኋለኛውን ያስጠናል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያነብ ለእንግዳ ጆሮ ጫጫታ ብቻ ነው። መምህሩ ግን በዚያ ጫጫታ መካከል የሳተውን ድምፅ ለይቶ ይሰማል፤ ዐይኑን እንኳ ሳያነሣ «አንተ፣ ተመለስ!» ይላል።

የውጭ አገር ጐብኚዎች ብዙ ጊዜ ይህን ጫጫታ እንደ ሥርዓት ጕድለት ቈጥረውታል። እኛም በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያደግን ስለ ሆነ መጀመሪያ የታየን እንደዚሁ ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልን። ሁሉም በሚያነብበት ስፍራ የሚሳሳተውን ልጅ የሚሰማው መምህሩ ነው፤ ቢበዛ አጠገቡ ያለው ልጅ ይሰማዋል። የአንዱ ስሕተት በሌላው ድምፅ ተሸፍኗል። በዛሬው ክፍል አንድ ተማሪ ተነሥቶ ሲናገር ስልሳው ዝም ብሎ ያዳምጠዋል፤ ስለዚህ ጸጥታው ራሱ የተናጋሪውን ገመና ይገልጠዋል። ጸጥታ የሰፈነበት ክፍል የተሻለ ክፍል ነው የሚለው ዐሳብ ከዚህ አንጻር ብቻ እንኳ ቢታይ እንደገና ሊመረመር ይገባዋል እንላለን።

ይህ ልማድ ይበልጥ የሚታየው በቅኔ ቤት ነው። ጎንጅ፣ ዋሸራና ዋድላ በቅኔ ስማቸው የተጠራ ቤቶች መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ፤ ከፎገራ የተነሡ ተማሪዎችም ወደ እነዚህ አገሮች ሲሄዱ ኖረዋል። ተማሪው ግሱንና አገባቡን ከያዘ በኋላ ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ በባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ አልፎ ቀስ በቀስ ወደ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። መምህሩ ቅኔውን ይዘርፋል፣ ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ያስረዳል፤ ከዚያ በኋላ ተማሪው ይበተናል። አንዱ ከወንዝ ዳር፣ አንዱ ከዋርካ ሥር፣ አንዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥግ ደበሎውን ተከናንቦ ብቻውን ይቀመጥና ቅኔ ይቈጥራል። በዚህ ሰዓት መቀመጫው የራሱ ምርጫ ነው፤ ባልንጀራው እንኳ አይጠጋውም።

የቈጠረውን ይዞ ወደ መምህሩ ወይም መምህሩ ወደ ወከለው አስነጋሪ ይቀርብና ይናገራል። ቃሉ ሰዋስው ቢያፈርስ፣ ቤቱ ባይመታ፣ ምስጢሩ ባይገጥም እዚያው ይቃናለታል። በጉባኤ ወይም በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ፊት የሚቆመው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ ስሕተት መጀመሪያ የሚፈጸመው በብቸኝነት ነው፤ ቀጥሎም የሚሰማው አንድ ጆሮ ነው፤ ወደ ብዙ ጆሮ የሚደርሰው የተቃናው ቃል ነው። የዛሬው መምህር «መልሱን ማን ያውቃል?» ብሎ ክፍሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ ይህን ሁሉ ደረጃ ይዘለዋል፤ ያልታረመውን ሐሳብ በቀጥታ ወደ አደባባይ ይጠራዋል። ከዚያ በኋላ ዝም የሚሉት ለምን ዝም አሉ ብሎ መደነቅ አይገባውም።

በቅኔ ቤት ሌላም ነገር አለ። ቅኔ ለዕለቱ የሚፈጠር ስለ ሆነ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ተማሪው የሚናገረውን የሚጽፍበት መዝገብ የለም። ስለዚህ የሦስት ዓመት ስሕተቱ ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ስፍራ አይገኝም፤ ዛሬ የሳተው ነገር ዛሬውኑ ታርሞ ይጠፋል። መምህሩ ግን ማንም ተማሪ የት እንደ ደረሰ ያውቃል። ይህ ዕውቀት በመምህሩ ልብ ውስጥ የሚኖርና መምህሩ ካልፈለገ ለሌላ ሰው የማይተላለፍ ዕውቀት ነው። በዛሬ ቋንቋ እንናገር ብንል መዝገቡ ቅጂ የሌለው መዝገብ ነበር ማለት ነው።

ስለ ስምም ጥቂት እንጨምር። የቆሎ ተማሪ ከአባቱ ቤት ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ይማራል። ባለጸጋም ልጅ ቢሆን ድኻ፣ ልመናው እኩል ያደርገዋል። ባልንጀሮቹም ብዙ ጊዜ በአባቱ ስም ሳይሆን በአገሩ፣ ጎጃሜው ወይም ጋይንቴው እያሉ ይጠሩታል። እዚህ ላይ ግን ማጋነን አያስፈልግም። በአንድ ጎጆ የሚያድሩ ተማሪዎች ማን ብርቱ ማን ደካማ እንደ ሆነ እርስ በርሳቸው ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ በዚያም ላይ የቆሎ ተማሪ ቀልድ ምሕረት የለውም። የተሸፈነው የዘሩና የሀብቱ ነገር እንጂ የችሎታው ነገር አልነበረም።

ከዜማ ቤት የምንወስደው ምሳሌ ደግሞ ምስክር ነው። ድጓ የተማረ ሰው በዛሬው ደቡብ ጎንደር በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አምባ ይሄዳል። አገር የሚሰማው መመስከሩን ነው። ለምስክር ከመብቃቱ በፊት ስንት ጊዜ እንደ ወደቀ ከመምህሩ ጉባኤ አልፎ የሚሄድ ወሬ አይደለም።

መቀመጫና ድምፅ ፈጽመው የሚገናኙበት ስፍራ ግን ማኅሌቱ ነው፤ በዚያ ቦታ የሚደበቅ ነገር የለም። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ይከፈላሉ፤ መሪጌታው፣ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው ስፍራቸው የታወቀ ነው። በማኅሌት የቆመበትን ስፍራ አይቶ ማዕረጉን ማወቅ ይቻላል። በቀልዳቸው አገር የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የተወለዱት በዚሁ በፎገራ በናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ስለ ቀልዳቸው ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ አንመለስበትም፤ ሊቅነታቸው ግን ከቀልዳቸው በታች ተቀብሮ መቅረቱ ያሳዝናል። ትውፊቱ እንደሚለው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንደ ጣና ማዕበል የሚያረገርገውን አቋቋም ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ አቋቋሙም በልጃቸው በተክሌ ስም የተክሌ አቋቋም ተብሎ በደብረ ታቦር ሥር ሰደደ። መቋሚያና ጸናጽል የያዙት መዘምራን በአንድነት ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ አንዱ ወደ ግራ ቢያዘነብል ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያለ ሰው እንኳ ያየዋል። ይሁን እንጂ ወደ ማኅሌት የሚገባው ሰው ተምሮ የጨረሰ ነው። ሊቃውንቱ ለሕዝብ ዐይን ያወጡት የተማረውን እንጂ የሚማረውን አይደለም፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዋና ነጥብ አድርገን የያዝነውም ይህንኑ ልዩነት ነው።

አንባቢ ስለ ቀድሞው ትምህርት ቤት ውዳሴ የጻፍን እንዳይመስለው እንፈራለን። አለንጋው ነበር፤ ሕፃን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ይገረፍ ነበር፤ ይህ የገመና መጠበቅ ሊባል አይችልም። ሴት ልጅም በጉባኤው ውስጥ ስፍራ አልነበራትም ለማለት ይቻላል። ጥቂቶች ግን ነበሩ። በጎጃም የጽላሎዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ተምረው ስመ ጥር የቅኔ መምህር ሆነዋል። እማሆይ ገላነሽ ዐይነ ስውር ነበሩ። ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደ ተቀመጠ በዐይን ሊያዩ አይችሉም ነበር፤ ተማሪው የሚደርሳቸው በድምፁ ብቻ ነበር። በእሳቸው ጉባኤ ፊት የተቀመጠና ጥግ የተቀመጠ ምን ልዩነት ነበረው? ይህን ጥያቄ ስንጽፍ የራሳችንን የኋላ ወንበር እናስባለን።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሌላ ሥርዓት ይዞ መጣ። በአዲስ አበባ የምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈቱ፤ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ደግሞ ትምህርት ቤት በየጠቅላይ ግዛቱ እየተስፋፋ ሄደ። በክብ መቀመጥ ቀርቶ በረድፍ መቀመጥ፣ በጆሮ መታወቅ ቀርቶ በስም ጥሪ መታወቅ መጣ። መዝገቡ ለአስተዳደር የግድ አስፈላጊ ነበር፤ ይህን አንክድም። ከመዝገቡ ጋር ግን ደረጃ መጣ። በዓመቱ መጨረሻ ወላጆች በተሰበሰቡበት ከአንደኛ ጀምሮ ስም ይጠራል፤ በካርዱም ላይ ከስንት ተማሪ ስንተኛ እንደ ወጣ ይጻፋል። አንደኛ የወጣው ይጨበጨብለታል። አምሳ ስምንተኛ የወጣው ልጅ ካርዱን አጣጥፎ በኪሱ ይዞ በየትኛው መንገድ ወደ ቤቱ እንደሚገባ የሚያስበውን እኛ እናውቀዋለን።

ይህ ደረጃን በግልጥ የማሳየት ልማድ ከአውሮፓ ትምህርት ቤት ታሪክ ጋር ይመሳሰላል። አንድሩ ቤል የተባለው ስኮትላንዳዊ በሕንድ አገር በማድራስ የሠራበትን፣ የበሰለው ልጅ ጀማሪውን የሚያስተምርበትን ዘዴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1797 አሳተመ፤ ጆሴፍ ላንካስተርም በ1798 በለንደን ተመሳሳይ ትምህርት ቤት አቆመ። ዘዴው ከንባብ ቤታችን ልማድ ጋር በጣም ይቀራረባል። በላንካስተር ቤት ግን በትክክል የመለሰ ልጅ ከተሳሳተው ጓደኛው ፊት ተሻግሮ ይቀመጥ ነበር። መቀመጫው ራሱ መዝገብ ሆነ፤ ወደ ክፍሉ የገባ ሰው ሁሉ የሚያነበው መዝገብ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነው ግን የክፍል አለቃ ወረቀት ነው። መምህሩ ሲወጣ አለቃው ከፊት ይቆምና «ረባሽ» ብሎ ርእስ ጽፎ ስም ይደረድራል፤ ስሙ ከተጻፈ በኋላ ድምፁን ያሰማ ልጅ በስሙ ላይ ምልክት ይጨመርበታል። በኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን የማያውቅ አይመስለንም። ከመካከላችን አንዱም አለቃ ነበር፤ ከፊት ረድፍ የሚቀመጡትን ባልንጀሮቹን ሳይጽፍ ከኋላ ያሉትን ይጽፍ እንደ ነበር አሁን ያምናል። እንግዲህ ብዙዎቻችን ድምፅ ሲመዘገብ መጀመሪያ ያየነው በቅጣት ወረቀት ላይ ነው። የጓደኛችን ስም ያለበት ወረቀት ሲወድቅ ክፍሉ በሙሉ ወዲያው ማንበብ የቻለውም ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ያለ ወረቀት ማንበብ ስለ ተማረ ይሆናል።

በውጭ አገር መቀመጫንና ተሳትፎን አገናኝተው የመረመሩ ሊቃውንት አሉ። በአሜሪካ ኮልማን ግሪፊዝ በ1921 በአውሮፓ አቆጣጠር በመቀመጫ ስፍራና በፈተና ውጤት መካከል ያለውን ግንኙነት ጻፈ። ሮበርት ሶመር በ1960ዎቹ ከፊትና ከመካከል የሚቀመጡ ተማሪዎች ይበልጥ እንደሚናገሩ አሳየ። በ1970 ሬይመንድ አዳምስና ብሩስ ቢድል ክፍሎችን በቪዲዮ ቀርጸው ሲመረምሩ፣ የክፍሉ ንግግር በአብዛኛው የሚካሄደው በፊተኛው ረድፍና ከፊት ወደ ኋላ በሚወርደው በመካከለኛው መሥመር ካሉት ጋር መሆኑን አገኙ። ሰውየው ጐበዝ ስለ ሆነ ከፊት ይቀመጣልን ወይስ ከፊት ስለ ተቀመጠ ይናገራል የሚለው ክርክር ከዚያ ወዲህ አልቆመም። በፎገራ ያለ ልጅ ከየት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ግን አንዳንድ ጊዜ ብርታቱ ሳይሆን መንገዱ ነው። ርብ ሞልቶ ዙሪያ የሄደ ልጅ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ዘግይቶ የደረሰም ያገኘው ጥግ ላይ ይቀመጣል።

ለእኛ ይበልጥ የጠቀመን ግን የኔድ ፍላንደርስ ወረቀት ነው። ይህ ሰው የክፍልን ንግግር በዐሥር ዐይነት ከፍሎ፣ ተመልካቹ በየሦስት ሴኮንዱ የሚሰማውን ንግግር ዐይነት በቊጥር እንዲጽፍ አደረገ። ከዐሥሩ ሰባቱ የመምህር ንግግር፣ ሁለቱ የተማሪ ንግግር፣ አንዱ ዝምታ ወይም ጫጫታ ናቸው። በዚህ አጻጻፍ የተማሪ ስም የሚገባበት ዐምድ የለም። አብዛኛው ምልክት የሚያርፈውም በመምህሩ ላይ ነው። የጐደለው ስፍራው ነው፤ ድምፁ ከየት እንደ መጣ አይናገርም።

በአገራችን በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ሲጀመር፣ በፕላዝማው ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሴኮንድ ከጠበቀ በኋላ መልሱን ራሱ ይናገር ነበር። ማን እንደ መለሰ የማያይ መምህር ነውና የማንንም ገመና አልነካም፤ ማንንም ግን አላወቀም። ኋላ የመጣው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ደግሞ ተቃራኒው ነበር፤ አምስቱ አባላት የእያንዳንዱን ድካም ያውቃሉ፣ ሪፖርትም ይደረጋል። ስለ ሁለቱ ብዙ ክርክር ስላለ እዚህ አንገባበትም። ለእኛ ጉዳይ የሚበቃው ሁለቱን ጫፎች ማየታቸን ነው።

ወደ ራሳችን ወረቀት ስንመለስ መጀመሪያ ያሰብነው መፍትሔ ስሙን ፍቆ መቀመጫውን ብቻ መተው ነበር። ይህ ግን ራስን ማታለል ነው። ተማሪ ዓመቱን በሙሉ ባንድ ስፍራ የሚቀመጥ ከሆነ መቀመጫው ስሙ ነው። «ከኋላ በቀኝ ጥግ ሁለት መስቀል» ብለን ብንጽፍ ክፍሉን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ማን እንደ ሆነች ያውቃል። የማኅሌቱ ምሳሌ ያስተማረን ይህንኑ ነው፤ ስፍራው የታወቀ ሰው ስሙ ባይጠራም የታወቀ ነው። ስሙን በቊጥር መተካትም ያው ነው። ጾታ ቢጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ በኋለኛው ረድፍ አንዲት ሴት ብቻ ካለች «ከኋላ ያሉ ሴቶች» የሚለው ቃል የእሷ ስም ነው።

ይቅርታ ልንጠይቃት ስንሄድ ጓደኛችን የመለሰችልን ቃል ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ መንገድ አሳየን። «መምህሩ ስንት ጊዜ እንደ ጠየቀኝ ለምን አልጻፋችሁም?» አለችን። አልጻፍንም ነበር። የተማሪውን ዝምታ ቈጥረን የመምህሩን ጥያቄ ሳንቈጥር ቀርተናል። ዝምታው የተማሪው ነው ብለን አስቀድመን ፈርደን ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ አዲሱን ወረቀት የሠራነው በሌላ ሐሳብ ነው። ክፍሉን ከፊት፣ ከመካከልና ከኋላ፣ እያንዳንዱንም በቀኝና በግራ ከፍለን ስድስት ስፍራ አደረግን። ምልክት የምናደርገው የመምህሩ ጥያቄ ወይም ዐይን የወደቀበትን ስፍራ ነው። የተማሪው መልስ ትክክል ይሁን ስሕተት አንጽፍም፤ እሱ የቅኔ ቤቱ አንድ ጆሮ ጉዳይ ነው፤ የመምህሩና የተማሪው ነገር ነው። በአንዱ ስፍራ ከአምስት ሰው ያነሰ የተቀመጠ እንደ ሆነ ከአጠገቡ ካለው ስፍራ ጋር ይደባለቃል። የቀኑ ድምር ወደ ሌላ ገጽ ከተገለበጠ በኋላ ወረቀቱ በክፍሉ ፊት ይቀደዳል። መምህራኖቻችን ይህን ሲያነቡ የመምህሩስ ገመና ብለው ፈገግ እንደሚሉ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ድምሩ የሚሰጠው ለተመዘገበው መምህር ብቻ ነው፣ እኛ ዘንድ የሚቀረውም ከየትኛው ክፍል እንደ መጣ ሳይታወቅ ከሌሎች ጋር የተደመረው ነው። «ስም ከሌለ ደካማውን ተማሪ እንዴት እረዳለሁ?» ለሚል መምህርም መልሳችን አጭር ነው። ከኋላ በግራ በኩል ጥያቄ እንዳልወደቀ ያየ መምህር ነገ ወደዚያ ቢሄድ ሰዎቹን እዚያው ተቀምጠው ያገኛቸዋል።

ፈቃድ መጠየቅንም በሚመለከት የተከራከርንበት ነገር አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት መከበርን ይደነግጋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ታዲያ ተማሪዎቹ ከፈቀዱልን በቂ ነው የሚል ሐሳብ ከመካከላችን ተነሣ። በስዊድን አገር በስኬሌፍቴዮ የሆነው ነገር ግን ይህን ሐሳብ ያዳክመዋል። በዚያ አንድ ትምህርት ቤት 22 ተማሪዎች መገኘት አለመገኘታቸውን በፊት መለያ ካሜራ ለማረጋገጥ ሞከረ፤ ፈቃዳቸውንም ተቀብሎ ነበር። በ2019 በአውሮፓ አቆጣጠር የአገሩ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማዘጋጃ ቤቱን 200,000 ክሮነር ቀጣው። ከምክንያቶቹ አንዱ ተማሪ ከትምህርት ቤቱ በታች ያለ ሰው ስለ ሆነ ፈቃዱ ነፃ ፈቃድ ሊባል አይችልም የሚል ነበር። ማርክ የሚሰጠው ሰው «ትፈቅዳለህን?» ብሎ ሲጠይቀው እንቢ የሚል ተማሪ በእኛም አገር ብዙ አይገኝም። ስለዚህ ፈቃዱን የሚጠይቀው መምህሩ ሳይሆን ከተማሪዎች የተመረጠ ሰው ይሆናል፤ አንድ ሰው እንኳ ያልፈለገ እንደ ሆነ የዚያ ቀን ቈጠራ በሙሉ ይቀራል፣ ማን እንዳልፈለገም አይነገርም። የዚያን ሰው ስፍራ ብቻ ባዶ ብንተው ባዶው ስፍራ ስሙን ይናገርበታልና።

ወረቀቱን በመጪው ኅዳር ወደ ወረታ ይዘን ልንሄድ አስበናል። በዚያ ወራት የሩዝ አጨዳ ስለሚሆን ከገጠር የሚመጡ ብዙ ልጆች ከክፍል ይቀራሉ፤ የኋላው ረድፍም ይሳሳል። አምስት ሰው የማይሞላ ስፍራ ይበዛል ማለት ነው። ስለዚህ ቀኝና ግራ የሚለውን ክፍፍል ትተን ፊት፣ መካከልና ኋላ በሚሉ ሦስት ስፍራዎች ብቻ ለመሥራት ወስነናል፤ ሦስቱም የማይሞሉበት ቀን ካጋጠመን ወረቀቱን ሳናወጣ ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጠን እንማራለን።